የማያስፈልጉ ፓኬጆችን ከኮምፒውተር ማጽዳት፦ ፒያሳ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ሱቋ ጠባብ ናት። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ ነው የሚጠብቀው። በር ላይ የቆመው ሰው ውስጥ ያለው የጠየቀኝን ሁሉ ይሰማል። ተራው ሲደርስ ግን ያንኑ ጥያቄ መልሶ ይጠይቀኛል። በተለይ ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ይዘው ሲመጡ፣ ወሬው አንድ ነው፦ «ዲስኩ ሞልቷል ይለኛል፣ ምን ላጥፋ?»

ስለዚህ ጻፍኩት። አብዛኛው ስለ ኡቡንቱ ነው፣ በዊንዶውስ ፋንታ ስለሚጫነው ነጻ የሊኑክስ ሲስተም። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ካበቃ ወዲህ አሮጌ ላፕቶፑን ወደ ኡቡንቱ አዙርልኝ የሚለኝ ሰው ስለበዛ ነው። ዊንዶውስንም አልረሳሁትም፣ ወደ ታች አለ።

ትዕዛዞቹን የጻፍኳቸው እንደሚነበቡበት ነው። ተርሚናል ላይ (ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት ነው) ስትጽፏቸው ግን በላቲን ትንንሽ ፊደላት ነው፣ በቃላቱ መካከልም ክፍት ቦታ ተዉ።

«ፓኬጅ» ስትል የቴሌውን ነው?

አይደለም፤ ግን የጠየቀ ሰው አይፈረድበትም። አንዷን ደንበኛዬን «ፓኬጅሽ በዝቷል» ስላት «ኧረ ትናንት ነው ያለቀብኝ!» ብላ ደነገጠች።

እዚህ ፓኬጅ የምንለው አንድ ፕሮግራም ወይም የፕሮግራም ቁራጭ ታሽጎ የሚመጣበትን ነው። ውስጡ ፋይሎቹ አሉ፣ ፋይሎቹ የት የት እንደሚቀመጡ የሚናገር መመሪያ አለ፣ «እኔ እንድሠራ እነ እገሌም መኖር አለባቸው» የሚል ዝርዝርም አለ። ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ከመጨረሻው ነው።

ጭኜው የማላውቀው ነገር ከየት መጣ?

ሰርግ አስቡ። ድግሱ የእናንተ ነው፤ ድስቱ፣ ወንበሩና ድንኳኑ ግን የእድር ነው። እናንተ ያላችሁት «ሰርግ አለብኝ» ብቻ ነው፣ ዕቃው ተከትሎ መጣ። ሰርጉ ያልቃል፣ ሙሽሮቹ ይሄዳሉ፣ ድስቱ ግቢ ውስጥ ተደፍቶ ይቀራል።

ኡቡንቱም እንዲሁ ነው። አንድ የቪዲዮ ማቀናበሪያ ስትጭኑ ሃያ ሠላሳ ተከታይ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ፕሮግራሙን ስታጠፉት ተከታዮቹ አይሄዱም። ደግነቱ አፕት የሚባለው ፓኬጅ አስተዳዳሪ እንደ እድር ጸሐፊ መዝገብ ይይዛል። እያንዳንዱ ፓኬጅ ላይ ምልክት አለው። ራሳችሁ ጠይቃችሁ ያስገባችሁት «ማኑዋል» ይባላል። በሌላው ምክንያት የመጣው «አውቶ» ይባላል። አውቶ ሆኖ አሁን ማንም የማይፈልገው ሲሆን፣ አፕት «ይህ አያስፈልግም» የሚለው እሱን ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ኮምፒውተሩ «አያስፈልግም» ሲል ስለ መዝገቡ ነው የሚያወራው። እናንተ ያን ነገር በየቀኑ ትጠቀሙበት፣ ዓመት ሙሉ አትክፈቱት፣ እሱ አያውቅም። ሁለት ዓመት ያልነካችሁት ጌም ማኑዋል ከሆነ ለዘላለም ተከብሮ ይኖራል። በየቀኑ የምትገለገሉበት ነገር ደግሞ ምልክቱ አውቶ ከሆነና ያመጣው ፕሮግራም ከጠፋ ከሚጣሉት ጋር ይሰለፋል።

አንድን ፓኬጅ ማን እንዳመጣው ማወቅ ይቻላል?

ይቻላል። እንዲያውም ከማጥፋት በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ ይሄ ነው። «አፕቲቱድ ዋይ» ብላችሁ ቀጥሎ የፓኬጁን ስም ጻፉ። «እገሌን እገሌ አመጣው፣ እሱን ደግሞ እገሌ» እያለ የዘር ሐረጉን ይቆጥርላችኋል። አፕቲቱድ ኡቡንቱ ላይ ራሱ አብሮ ስለማይመጣ መጀመሪያ መጫን አለበት። አዎ፣ ለማጽዳት ብሎ ሌላ ፓኬጅ መጫን ያስቃል። ግን ትንሽ ነው፣ ይቅር በሉት።

«አውቶሪሙቭ» አድርግ ይለኛል። አደጋ አለው?

ትዕዛዙ «ሱዶ አፕት አውቶሪሙቭ» ነው፤ «ሱዶ» ማለት በአስተዳዳሪ ሥልጣን ሥራው ማለት ነው። እነዚያን የተረሱ ተከታዮች ለቅሞ ያወጣል። ራሱ አደገኛ አይደለም። አደጋው ሳያነቡ እሺ ማለት ነው።

ኢንተር ስትመቱ ወዲያው አያጠፋም። መጀመሪያ የሚጠፉትን ስም ይዘረዝራል። ከዚያ ስንት ሜጋ ቦታ እንደሚለቀቅ ይናገራል። ከዚያ «ልቀጥል?» ይላል፣ በቅንፍ ውስጥ ትልቅ ዋይና ትንሽ ኤን አሉ። ዋይዋ ትልቅ የሆነችው በምክንያት ነው፤ ምንም ሳትጽፉ ኢንተር ብትመቱ «አዎ» ብላችኋል ማለት ነው። ብዙ ሰው ኢንተር መምታት እንደ «ቀጥሎ አሳየኝ» ይመስለዋል።

የኔን ጉድ ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት፣ ነሐሴ ላይ፣ ዝናብ እየዘነበ መብራት ጠፋ። ላፕቶፔ ባትሪው 18 ከመቶ ላይ ነው። ያን ቀን አዲስ ፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው) ጭኜ ነበር፣ ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ የቆየው ፓይተን አለ። ሁለት ፓይተን ምን ይሠራልኛል ብዬ የቆየውን ላጥፋ አልኩ። «ሱዶ አፕት ሪሙቭ ፓይተን3»። ዝርዝሩ ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች ሞላው። «ኡቡንቱ-ዴስክቶፕ» የሚለውን ስም ዓይኔ አይቶታል። እጄ ግን ቀድሞ ኢንተር መትቷል።

ነገሩ ወዲህ ነው፦ የኡቡንቱ ግማሹ ሥራ የሚሠራው በዚያ በቆየው ፓይተን ነው። እሱ ሲወጣ የሚደገፉበት ሁሉ ተከትለውት ወጡ። መልሼ ስከፍተው ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ፣ ስምና ፓስዎርድ ይጠይቃል፣ ሌላ ምንም የለም። የዋይፋይ ምልክቷ እንኳን የለችም። ስልኬን በኬብል ሰክቼ፣ የስልኬን ዳታ ለላፕቶፑ አጋርቼ፣ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ኡቡንቱ-ዴስክቶፕ» አልኩት። ሲነጋ ዴስክቶፑ ተመለሰ። ለወሩ የገዛሁት ዳታ ግን አለቀ። ሁለቱ ፓኬጆች ያን ሌሊት ተገናኙ።

ከኔ የባሰም አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 ሊነስ ሴባስቲያን የተባለው ታዋቂ የቴክኖሎጂ ዩቲዩበር ፖፕ ኦኤስ በሚባለው ሊኑክስ ላይ ስቲም የሚባለውን የጌም መክፈቻ ሊጭን ሞከረ። በፓኬጁ ላይ ስህተት ስለነበር ስቲምን ለመጫን ዴስክቶፑ መነሳት አለበት የሚል ውጤት መጣ። ኮምፒውተሩ ከባድ ማስጠንቀቂያ አሳየው። «አዎ፣ ያልኩህን አድርግ» የሚለውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ካልጻፍክ አልሠራም አለው። ጻፈው። ዴስክቶፑ ሄደ፣ ካሜራ ፊት። ልብ በሉ፣ እሱ ለማጥፋት ሳይሆን ለመጫን ነበር የተነሳው። ዝርዝሩ ሲጭኑም ይነበባል።

እኔ አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከትዕዛዙ ኋላ ክፍት ቦታ ትቼ ሰረዝና ትንሿን ኤስ እጨምራለሁ። ያ ማለት «አስመስለህ አሳየኝ፣ ምንም አትንካ» ነው። ዝርዝሩ ላይ ስማቸው በ«ሊብ» የሚጀምሩ ብዙ አሉ። እነሱ ላይብረሪዎች ናቸው፣ ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙባቸው ቁራጮች፣ ብዙ አያስጨንቁም። የማውቀው የፕሮግራም ስም ካየሁ፣ ወይም «ዴስክቶፕ»፣ «ኖም» (የኡቡንቱ ዴስክቶፕ ነው)፣ «ኔትወርክ» የሚል ነገር ካየሁ ግን እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሳለሁ። እንዲቀር የምፈልገውን «ሱዶ አፕት-ማርክ ማኑዋል» ብዬ ስሙን እጽፋለሁ። መዝገቡ ላይ ምልክቱ ተቀየረ፣ ከዚህ በኋላ አውቶሪሙቭ አይነካውም።

አንድ ሌላ ጉዳይ አለ። ከአፕት ውጭ ያስገባችሁት ፕሮግራም፣ ለምሳሌ ከድረ ገጽ አውርዳችሁ ፎልደሩን ፈትታችሁ የምትከፍቱት፣ ከእነዚያ ላይብረሪዎች አንዱን ሊጠቀም ይችላል። አፕት ይህን አያውቅም። እሱ ያልመዘገበው እንግዳ ነውና። ካጸዳችሁ በኋላ እንዲህ ዓይነት ፕሮግራም አልከፈት ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይሄ ነው።

ያጠፋሁትን ነገር መመለስ ፈለግሁ። ስሙን ግን አላስታውስም።

አፕት ሁሉንም ጽፎ ያስቀምጣል። ቫር ከሚባለው ፎልደር ውስጥ ሎግ፣ ከሎግ ውስጥ አፕት ግቡ። እዚያ «ሂስትሪ ዶት ሎግ» የሚባል ፋይል አለ። በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ የትኛው ትዕዛዝ ተሰጥቶ ምን እንደወጣ ይናገራል። ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚጽፈው፤ የማታ ሁለት ሰዓትን 20 ብላችሁ ፈልጉ።

ለመሆኑ ይሄ ሁሉ ስንት ቦታ ያስለቅቃል?

እውነቱን ልናገር? ብዙ ጊዜ የጠበቃችሁትን ያህል አይደለም። ጥቂት መቶ ሜጋ። ከረጅም ጊዜ በኋላ ከሆነ አንድ ሁለት ጊጋ።

ዲስኩን የሞላው ሌላ ነው። ኡቡንቱ ላይ ዲስክ ዩሴጅ አናላይዘር የሚባለውን ክፈቱ፤ የትኛው ፎልደር ስንት እንደያዘ በክብ ሥዕል ያሳያችኋል። ዊንዶውስ ላይ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ከዚያ ስቶሬጅ። በሱቄ ልምድ አንደኛው ጥፋተኛ ቴሌግራም ነው። ዳውንሎድስ ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚል ፎልደር አለ። የላኩላችሁና ያወረዳችሁት ፊልም፣ ፒዲኤፍ፣ የግሩፕ ቪዲዮ እዚያ ተኝቷል። አንድ ልጅ እዚያ ፎልደር ውስጥ የጥምቀትን በዓል፣ ያውም ፋሲል መዋኛ ላይ ተመሳሳይ ቦታ ቆሞ የተቀረጸ፣ አሥራ አንድ ቪዲዮ ነበረው። እሱ ግን የመጣው «ሊብ የሚሉትን አጥፋልኝ» ብሎ ነው። ከፎልደሩ ሌላ ደግሞ ቴሌግራም የራሱ ካሽ (ለጊዜው የሚያስቀምጠው ፋይል) አለው፤ ሴቲንግስ፣ አድቫንስድ፣ ከዚያ ማኔጅ ሎካል ስቶሬጅ ገብታችሁ መገደብ ትችላላችሁ።

ሁለተኛው ኡቡንቱ ላይ የሲስተሙ የውሎ መዝገብ ነው፣ ጆርናል ይሉታል። ገደብ ካልተደረገለት የዲስኩን አንድ አሥረኛ ድረስ ይወስዳል፣ ጣሪያው 4 ጊጋ ነው። 128 ጊጋ ዲስክ ላላት ላፕቶፕ 4 ጊጋ ቀልድ አይደለም። «ጆርናልሲቲኤል» የሚባለው ትዕዛዝ «ቫኪዩም ሳይዝ» በሚል አማራጭ ይቀንሰዋል።

ካጸዳሁት ይፈጥናል?

አይፈጥንም። ዲስክ ላይ የተኛ ፓኬጅ ራም አይበላም፣ ፕሮሰሰርም አይነካም። ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ የሚነሳ አገልግሎት ካልሆነ በስተቀር። ዲስኩ ጢም ብሎ ሞልቶ ከነበረ ግን ለውጥ ታያላችሁ። ፍጥነት ከፈለጋችሁ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ አስቀይሩ።

«ሪሙቭ» እና «ፐርጅ» ምን ለያቸው?

ሪሙቭ ፕሮግራሙን ያወጣል፣ የሲስተም ማስተካከያ ፋይሎቹን ግን ይተዋል። ተመልሳችሁ ብትጭኑት እንደነበረ ይቀጥላል። ፐርጅ እነሱንም ይጠርጋል። ሁለቱም ቢሆኑ ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ ያለውን የግላችሁን አይነኩም። ስለዚህ አሳሽ አጥፍታችሁ መልሳችሁ ስትጭኑ የቆየው ነገራችሁ ሁሉ ቁጭ ብሎ ሲጠብቃችሁ አትገረሙ።

«አፕት ክሊን» ማድረግስ?

ይሄ ሌላ ነገር ነው። የተጫነውን ሳይሆን የወረደውን እሽግ ነው የሚያጠፋው። ካሽ የሚባለው ፎልደር ውስጥ መጨረሻቸው «ዴብ» የሆነ ፋይሎች ይቀመጣሉ። ከተጫኑ በኋላ ለሲስተሙ አያስፈልጉም። ክሊን ሁሉንም ይጠርጋል። አውቶክሊን ደግሞ ከኢንተርኔት ላይ ተመልሰው ሊወርዱ የማይችሉትን፣ ማለትም ጊዜ ያለፈባቸውን ብቻ።

ግን አትቸኩሉ። እኛ አገር ዳታ ገንዘብ ነው። ጓደኛችሁ ያንኑ የኡቡንቱ ስሪት የሚጠቀም ከሆነ እነዚያን ዴብ ፋይሎች በፍላሽ ወስዶ ሳያወርድ መጫን ይችላል። እኔ ሱቅ ውስጥ ለዚሁ ብዬ የማስቀምጠው አንድ ፎልደር አለኝ። አንድ የማያውቁት ነገርም አለ፦ «አፕት» በሚለው አጭሩ ትዕዛዝ ስትጭኑ፣ መጫኑ ሲያልቅ የወረደውን ራሱ ይጥለዋል። «አፕት-ጌት» በሚለው በቆየው ትዕዛዝ ከጫናችሁ ግን ያስቀምጠዋል። ፋይሉን ለሌላ ሰው የምታካፍሉ ከሆነ በቆየው ተጠቀሙ። ቦታ የጠበባችሁ ከሆናችሁ በአጭሩ።

«ቡት ሞልቷል፣ አፕዴት ማድረግ አልቻልኩም» ይለኛል።

አሮጌ ከርነሎች ናቸው። ከርነል የሊኑክሱ ልብ ነው። አዲስ ሲመጣ አሮጌው ወዲያው አይጠፋም፣ አዲሱ አልነሳ ቢል መመለሻ እንዲኖራችሁ ነው። ቡት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚጠቀምባቸው ፋይሎች ያሉበት ፎልደር፣ ለብቻው ትንሽ የዲስክ ክፍልፋይ ላይ ከሆነ ሦስት አራት ከርነል ያጣብበዋል።

አውቶሪሙቭ እዚህ ላይ ጎበዝ ነው። አሁን እየሠራችሁበት ያለውን ከርነልና የመጨረሻውን አዲሱን ሳይነካ አሮጌዎቹን ያነሳል። በእጃችሁ ፋይል ፋይሉን ከቡት ውስጥ አትሰርዙ። ፋይሉ ጠፍቶ መዝገቡ ላይ ስሙ ሲቀር ነው ጣጣው የሚጀምረው። የትኛውን ከርነል እየተጠቀማችሁ እንደሆነ «ዩኔም ሰረዝ አር» ይነግራችኋል።

ካጸዳሁ በኋላ አማርኛ መጻፍ አቃተኝ።

ይሄ የኛ አገር ችግር ስለሆነ በፈረንጅ ጽሑፎች ላይ አታገኙትም።

አንድ መሪጌታ ደንበኛ አሉኝ። የግእዝ ጽሑፍ በላፕቶፕ ይተይባሉ፣ ያውም ከኔ ይፈጥናሉ። አንድ ቀን መጥተው «ልጄ፣ ፊደሉ አኮረፈ» አሉኝ። የእህታቸው ልጅ ላፕቶፑን «አጽድቶላቸው» ኖሯል። ዝርዝር ውስጥ «አይባስ-ኤም17ኤን» የሚል ስም አየ። ምን እንደሆነ አላወቀም። ማንስ ያውቃል? ስሙ እንደ መድኃኒት ነው። አጠፋው። ኡቡንቱ ላይ በላቲን ኪቦርድ እየነካን ግእዝ ፊደል እንድናወጣ የሚያደርገው ግን እሱ ነው። መልሼ ጫንኩት፣ ሎግ አውት አድርጌ ተመልሼ ገባሁ፣ ሴቲንግስ ውስጥ ኪቦርድ ላይ አማርኛን ጨመርኩ። ሥራው አምስት ደቂቃ አልፈጀም። መሪጌታ «የኔታ ቢኖሩ ይህን ልጅ ዳዊት ያስደግሙት ነበር» ብለው ሳቁ፤ የትኛውን ልጅ እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከታያችሁ ደግሞ የጠፋው ፎንቱ ነው። ስሙ «ፎንትስ» ብሎ የሚጀምር ፓኬጅ ካያችሁ ተዉት። ለግእዝ ፊደል «ፎንትስ-ሲል-አቢሲኒካ» አለ፣ እሱን መጫን ይበቃል።

ዊንዶውስ ላይም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። ኒያላ የሚባለው ፎንት ዊንዶውስ 10 ላይ «ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ» በሚል ስም ኦፕሽናል ፊቸርስ ውስጥ ነው ያለው። ማጽዳት ብላችሁ እሱን ካነሳችሁት ፊደሉ አይጠፋም፣ ኤብሪማ የሚባለው ፎንት ይተካዋል። ግን የፊደሉ ስፋት ይለያያል። 96 ገጽ የነበረው የመመረቂያ ጽሑፍ ሌላ ገጽ ይሆናል፣ ማውጫው ይዛባል። ይህን ለአማካሪ ማስረዳት ከባድ ነው።

ዊንዶውስ ላይ ምን ምን ላጥፋ?

የምታውቁትን፣ የማትጠቀሙበትን። ከላፕቶፑ ጋር የመጣ የሙከራ አንቲቫይረስ፣ የድሮ ጌም፣ ሦስተኛው የቪዲዮ ማጫወቻ። ሴቲንግስ ውስጥ አፕስ ግቡና በመጠን አሰልፏቸው። ትልቁ ላይ ይጀመራል።

የማይነኩ ደግሞ አሉ። «ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ሪዲስትሪቢዩታብል» የሚል ዓመተ ምሕረቱ የተለያየ ስድስት ሰባት መስመር ታያላችሁ። የተደጋገመ ይመስላል፣ አይደለም። እያንዳንዱን የሚፈልግ ሌላ ፕሮግራም አለ። የእድር ድስት ናቸው፣ ጸሐፊ የሌለው እድር። ዊንዶውስ ማን እንዳመጣቸው አይመዘግብላችሁም። ሁሉም ተደምረው የሚይዙት ቦታ ትንሽ ነው፣ ተዉአቸው።

«ዊንኤስኤክስኤስ» የሚባለውን ፎልደር ዴሊት ልታደርጉ እንዳትሞክሩ። መጠኑን ስታዩ ትደነግጣላችሁ። ግን አንዱ ፋይል በሁለት ቦታ ስም ስላለው ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፣ እውነተኛው መጠን ከሚታየው ያነሰ ነው። ማጽዳት ካስፈለገ ዲስክ ክሊንአፕ ውስጥ የዊንዶውስ አፕዴት ማጽጃውን ምረጡ። «ዊንዶውስ ዶት ኦልድ» ካያችሁም አትጨነቁ። ከትልቅ አፕግሬድ በኋላ የሚቀር ነው፣ ከአሥር ቀን በኋላ ራሱ ይነሳል።

ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ የማስተካከያ መዝገብ) አጸዳለሁ የሚሉ፣ «847 ስህተት አገኘሁ፣ ልጠግን?» እያሉ ቀይ የሚያበሩ ፕሮግራሞችንስ? እነሱን ነው ማጥፋት። ማይክሮሶፍት ራሱ እንዲህ ዓይነት መሣሪያ መጠቀምን እንደማይደግፍ በይፋ ጽፏል። በተለይ በፍላሽ ከሰው ወደ ሰው የሚዞረው ክራክ የተደረገው አንዳንዴ የሚያጸዳውን ያህል ቆሻሻ ይዞ ይገባል።

ስናፕና ፍላትፓክስ?

እነሱ ከአፕት ውጭ ፕሮግራም የሚጫንባቸው ሌሎች መንገዶች ናቸው፤ በአፕት መዝገብ ውስጥ የሉም፣ አውቶሪሙቭ አያያቸውም። ስናፕ አፕዴት ሲደረግ የቀደመውን ስሪት ለመመለሻ ያስቀምጣል፣ ዲስክ ጠባብ ከሆነ ይከብዳል። ፍላትፓክ የምትጠቀሙ ከሆነ «ፍላትፓክ አንኢንስቶል» ብላችሁ በሁለት ሰረዝ «አንዩዝድ» ጨምሩ፤ የተረሱትን ያወጣል።

እያጸዳ እያለ መብራት ቢጠፋስ?

ማጽዳት ኢንተርኔት አይፈልግም፣ መብራት ግን ይፈልጋል። የላፕቶፕ ባትሪ ካላችሁ ይበቃል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ወይም ዴስክቶፕ ከሆነ ግን፣ ደመናው ወፍሮ ነጎድጓድ ሲጀምር ይሄን ሥራ አትጀምሩ።

መሃል ላይ ከተቋረጠ ፓኬጆች ግማሽ ጎፈሬ ግማሽ ልጭት ሆነው ይቀራሉ። መብራት ሲመጣ መጀመሪያ «ሱዶ ዲፒኬጂ»፣ በሁለት ሰረዝ «ኮንፊገር»፣ በአንድ ሰረዝ «ኤ»። ይህ የተጀመረውን ያስጨርሳል። ቀጥሎ «ሱዶ አፕት ሰረዝ ኤፍ ኢንስቶል»፣ የተሰበረውን ይጠግናል። አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ ሁለቱ ይድናል። «ሎክ ፋይል ተይዟል» ካለ ደግሞ ከጀርባ አፕዴት እየሠራ ነው፤ ሻይ ጠጡና ተመለሱ።

ፎርማት ባደርገውስ? እሱ አይሻልም?

ፎርማት እዚህ ከተማ እንደ ጠበል ሆኗል፤ ለሁሉም በሽታ ይታዘዛል። ለኔ ገቢ ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። ግን ፎርማት ተደርጎ ከወጣ በኋላ ድራይቨሩ፣ ኦፊሱ፣ የአማርኛ መጻፊያው፣ ከዚያ በጊጋ የሚቆጠር አፕዴቱ እንደገና ይመጣል። ያ ሁሉ ዳታ ነው። ባክአፕ ሳያደርጉ የመጡ ሰዎች «ዴስክቶፕ ላይ የነበረውስ?» ሲሉኝ ደግሞ የምገባበት ይጠፋኛል። ዲስኩ ስለሞላ ብቻ ፎርማት አይደረግም። ቫይረስ ከተንሰራፋበት፣ ወይም ማን እንደጫነው የማይታወቅ ሁለተኛ እጅ ላፕቶፕ ከገዛችሁ፣ ያኔ እሺ። ዲስኩ ራሱ እየሞተ ከሆነ ፎርማትም አያድነው።

በየስንት ጊዜ ላጽዳ?

ትልቅ አፕዴት ካደረጋችሁ በኋላ። ካልሆነም በሁለት ሦስት ወር አንዴ። በየቀኑ የሚያጸዱ አሉ፣ ሱስ ነው።

የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ነው። ላጽዳው?

አይሆንም፣ የአይቲ ሠራተኛውን ጠይቁ። እናንተ የማታውቁት ፓኬጅ የፕሪንተሩ ሊሆን ይችላል። ፎቁ ላይ ያለው ሁሉ በአንድ ፕሪንተር ከሆነ የሚታተመው፣ ጠዋት ማን እንደሚጠራ ታውቃላችሁ።

ስልኬ ላይስ?

ከስልኩ ጋር የመጡትን አፕሊኬሽኖች ብዙዎቹን ማጥፋት አይቻልም፣ «ዲሴብል» ማድረግ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ያ የጨመሩትን አፕዴትና ዳታ ያነሳል፣ ዋናው ግን ሲስተሙ ላይ ይቀራል። ለስልክ መጀመሪያ ጋለሪውን፣ ከዚያ ቴሌግራምን እዩ። ሱቅ ይዛችሁት ብትመጡም የማደርገው ይህንኑ ነው።